ሽጉጡ፣ ማህደሩ፣ ጎራዴው ወይስ ሜዳዩ? ጅማ ላይ የጦር ዘመን ዕቃ ለሚገዛ ሰው

ጅማ ውስጥ የሚሸጥ አሮጌ ነገር ሁሉ የአባ ጅፋር ነው። በርጩማው የአባ ጅፋር፣ ጀበናው የአባ ጅፋር፣ ጎራዴውማ አይጠየቅም። ሻጮቹን ካመንናቸው ንጉሡ ጅሬን ላይ የሠሩት ቤተ መንግሥት ሳይሆን መጋዘን ነው።

የእህቴ ልጅ ሥራ ከያዘ ወዲህ የጦር ዘመን ዕቃ መሰብሰብ አምሮታል። አንድ ቀን ቡና ላይ ተቀምጠን ስልኩን አወጣ።

‹‹ጋሼ፣ ይቺን እያት እስቲ።››

ጥቁር፣ አጠር ያለች ሽጉጥ ናት። ጎኗ ላይ ጽሑፍ አላት።

‹‹የጣሊያን ቤሬታ ናት። ሰውዬው ከአያቱ የወረሳት ነች። ያረጀች ስለሆነች ችግር የለውም አለኝ።››

ችግሩማ አለ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝም መሸጥም ወንጀል ነው። ‹‹አርጅቷል››፣ ‹‹አይተኩስም››፣ ‹‹ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነው›› የሚሉትን ቃላት ፖሊስ ጣቢያ ቆሞ ማስረዳት የሚያምረው ካለ ይሞክረው። ቤታችሁ ከአያት የተረፈ ካለ ደግሞ ቀድማችሁ ሄዳችሁ አሳውቁ። ስለዚህ ከአራቱ ምርጫዎች ሽጉጡ ገና ከመነሻው ወጣ። ማየት ለሚፈልግ ሙዚየም አለ።

ግን ሽጉጥ ማንበብ መቻል ዓይን ይከፍታል። የተማርኩት ለሌላው ሁሉ ጠቅሞኛል። 1934 ሞዴል የሚባለው ቤሬታ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከመኮንኖች ወገብ አይጠፋም ነበር። ጥይቱ 9 ሚሊ ሜትር ‹‹ኮርቶ›› ነው፤ አጭር ማለት ነው። ጎኑ ላይ የፋብሪካው ስምና ጋርዶኔ የምትባለው ከተማ ተቀርጾበታል። ከዚያ ዓመቱ ይመጣል። ዓመቱ ግን ሁለት ጊዜ ነው የሚጻፈው። አንዱ የተለመደው የፈረንጅ ዘመን ነው። ሁለተኛው በሮማውያን ቁጥር የተጻፈ የፋሽስት ዘመን ነው። ሙሶሊኒ ወደ ሮም ከዘመተበት ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓመት አስቆጥሮ ነበርና። 1937 የሚል ብረት አጠገብ 15 ወይም 16 መኖር አለበት። ዘመኑ የሚገለበጠው በጥቅምት መጨረሻ ስለሆነ ነው ሁለት የሆነው።

ፎቶዋን አጉልተን አየን። 1937 ትላለች። አጠገቡ ያለው የሮማውያን ቁጥር 12 ነው። 12 ማለት እኮ 1934 ላይ ያለቀው ዓመት ነው! ማን እንደጻፈው እንጃ፤ ጋርዶኔ ግን አልተጻፈም። ልጁ ፊቱ ሲቀላ አየሁት።

እና ምን ይግዛ?

የሽጉጥ ማህደር፣ ማለትም የቆዳ መያዣው፣ ከሁሉም ርካሹ ነው። ጣሊያን ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ ዋና ከተማ አድርጓት ስለነበር ቆዳው እዚህ ቢገኝ አይገርምም። ከተማዋ ነፃ የወጣችው ሰኔ 1933 ዓ.ም. ነው። እውነተኛውን ለመለየት ክዳኑን ከፍታችሁ ውስጡን እዩ። ዓመታት ሽጉጥ የተሸከመ ቆዳ የብረቱን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። የአፈሙዙ ጫፍ የሚያርፍበት ታች አልቆ ይለሰልሳል። የነሐስ ቁልፎቹ ዙሪያ አረንጓዴ ዝገት ቆዳው ውስጥ ሰርጎ ይገኛል። የስፌቱ ክር እንደ ናይለን የሚያብረቀርቅ ከሆነ አስቀምጡት፤ ቢበዛ በኋላ የተጠገነ ነው። ማሽተትም አይርሳችሁ። አዲስ ቆዳ ቡና ውስጥ ነክረው የሚያስረጁ አሉ። ጅማ ነን፣ ቡና አይቸግርም።

ችግሩ ክረምቱ ነው። የጅማ ዝናብና እርጥበት ቆዳን በሻጋታ ይበላዋል። ሳጥን ውስጥ ቆልፋችሁ ከረሳችሁት መስከረም ላይ ነጭ ፀጉር አብቅሎ ይጠብቃችኋል። በዚያ ላይ ባዶ ማህደር ወገባችሁ ላይ ታጥቃችሁ ብትወጡ የሚያያችሁ ሰው ባዶ መሆኑን አያውቅም። ቤት ውስጥ ይቀመጥ።

ጎራዴ ሌላ ዓለም ነው። ውበቱ እኔንም ያሸንፈኛል፤ ኪስም ያራቁታል። ትልቁ ውሸት ያለውም እዚህ ነው። በምኒልክ ዘመንና ከዚያ በኋላ ብዙ የጎራዴ ስለት ከአውሮፓ ይመጣ ነበር። የጀርመኗ ዞሊንገን ከተማ በዚህ የታወቀች ናት። ስለቱ ላይ የዘውድ አንበሳ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ስም ወይም ‹‹ሞዓ አንበሳ›› የሚል ጽሑፍ በአሲድ ተበልቶ ይቀረጻል። ይህ ጽሑፍ ዋጋውን በእጥፍ ስለሚያስወድደው ጽሑፍ የሌለውን አሮጌ ስለት ገዝቶ አንበሳ መቅረጽ ሥራ ሆኗል።

እንዴት ይለያል? አጉሊ መነጽር ያዙና ዝገት የበላው ጉድጓድ ከፊደል ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ፈልጉ። ዝገቱ ፊደሉን አልፎ ጠርዙን ካፈረሰው ፊደሉ ቀድሞ የነበረ ነው። ፊደሉ ዝገቱን ሰንጥቆ፣ ጠርዙ ንጹህ ሆኖ ካለፈ ግን ጽሑፉ ከዝገቱ በኋላ የመጣ ነው። ይኼ ነው እንግዲህ ሚስጥሩ። ሻጩ የፈለገውን ታሪክ ያውራ፣ ዝገት ቅደም ተከተል አይሳሳትም።

ፊደሉንም አንብቡት። እኛ ከፈረንጅ ሰብሳቢ የምንበልጠው እዚህ ላይ ነው። የ‹‹ሞ›› እግር የት ነው? ‹‹ዓ››ን በ‹‹አ›› ተክተዋል? ‹‹ንጉሠ›› የተጻፈው በንጉሡ ሠ ነው ወይስ በእሳቱ ሰ? ዛሬ በኮምፒውተር የተሠራ ጽሑፍ የኮምፒውተር ፊደል ይመስላል፤ ቅርጹ ከጋዜጣ ርዕስ የተቆረጠ ነው የሚመስለው። ግን አትቸኩሉ። ፊደል የማያውቅ የአውሮፓ ቀራጭም ሊሳሳት ይችላል። ስህተት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከዝገቱ ጋር ደምራችሁ ፍረዱ።

እጀታው የአውራሪስ ቀንድ ነው ቢሏችሁ ደስ አይበላችሁ። በድሮ ጎራዴ ላይ በእርግጥም ነበር። ዛሬ ግን የአውራሪስ ቀንድ ንግድ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ነው። ያልሆነውን ነው ብሎ የሚሸጥም ሞልቷል፤ አብዛኛው የከብት ቀንድ ነው።

‹‹የአባ ጅፋር ነው›› ለሚላችሁ ደግሞ መልሱ ቀላል ነው። ጅማ ሙዚየም ግቡና የእሳቸውን ዕቃዎች እዩ። ከዚያ ተመልሳችሁ የሰውዬውን ጎራዴ እዩ። በነገራችን ላይ የእውነትም የእሳቸው ከሆነ የባሰ ነው። ከየት ወጣ? ማን አወጣው? ቅርስን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ቅርስ እንደ ድንች ገዝቶ በሻንጣ ይዞ ከአገር አይወጣም። የባለቤትነት ወረቀት የሌለውን ‹‹የንጉሥ ዕቃ›› እኔ በነፃ ቢሰጡኝም አልወስድም። ጎራዴ የሚገዛ ሰው የአካባቢውን ፖሊስ ቀድሞ ቢጠይቅም አይጎዳም፤ ስለት ነውና።

ወደ ሜዳይ ስመጣ አፍሬ ነው የምጀምረው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የአርበኞች ሜዳይ ገዛሁ። ሻጩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሲያወሩ እንባ ይተናነቃቸዋል። ዋጋ መከራከርም አሳፈረኝ። በኋላ አንድ ወዳጄ ቤት የአባቱን ሜዳይ አየሁ። የኔን አጠገቡ ሳስቀምጠው አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ትንሽ አነሰብኝ። ቶርኖ ቤት ሄጄ ካሊፐር በሚባለው ረቂቅ መለኪያ አስለካሁ። ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ያንሳል። ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ከእውነተኛው ላይ ቅርጽ ወስደው ብረት አቅልጠው ሲያፈሱ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ቅጂው ሁልጊዜ ከእናቱ ትንሽ ያንሳል። ያኔ ዓይኔ ሲገለጥ ሌላውም ታየኝ፤ ፊደሎቹ ሳሙና ላይ እንደተጻፉ ደብዛዛ ናቸው፣ ጽሑፍ የሌለበት ገጹ ላይ እንደ ብጉር ትንንሽ እብጠቶች አሉ፣ ጠርዙ ላይ በሞረድ የጠፋ መስመር አለ። ያ ሜዳይ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ መማሪያ ሆኖልኛል።

ይህን ብልም ለጀማሪ የምመክረው ሜዳይ ነው። የሚመረመርበት ነገር ብዙ ነው፣ የሚፈጀው ቦታ ትንሽ ነው፣ ክረምቱም ብዙ አይጎዳውም፤ ሪባኑን ብቻ ከብል ጠብቁ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሰጡ ኒሻኖች ጀርባ ላይ ወይም ሳጥናቸው ላይ የሠሪው ስም ይገኛል። የአዲስ አበባው አርመናዊ ጌጥ ሠሪ ሴቫጂያን ስሙ በብዛት ይታያል። ማኅተሙ ጥርት ብሎ ጠልቆ የተመታ መሆን አለበት።

ከሁሉም የምወደው ግን የኮርያውን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ለኮርያ ዘማቾች የሰጠው ሜዳይ በየአገሩ ቋንቋ ነው የተሠራው። ኮርያ ለዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ ለቃኘው ሻለቃ፣ የተሰጠው በአማርኛ ነው። ከፊቱ የድርጅቱ ዓርማ አለ፣ ከኋላው ጽሑፉ በአማርኛ ነው፤ ሪባኑ ሰማያዊና ነጭ ቀጫጭን መስመር አለው። ‹‹የቃኘው ዘማች ነው›› ተብሎ እንግሊዝኛ የተጻፈበት ካመጡላችሁ ሜዳዩ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ታሪኩ ግን ከሜዳዩ ጋር አይሄድም። ይህን ያህል በግልጽ የሚናገር ዕቃ ሌላ የለም። ከደብዳቤው፣ ከፎቶው ጋር ከተገኘ ደግሞ ሦስት ጎራዴ አይተካውም። ወረቀቱን ከሜዳዩ ነጥሎ ለመሸጥ የሚሞክር ሻጭ ካጋጠማችሁ ሁለቱንም ግዙ፤ ደግሞም ቤተሰቡ መስማማቱን ጠይቁ። የሰው አባት ስም ነው ያለበት።

በተረፈ ደረሰኝ፣ ወይም ቢያንስ የሁለታችሁም ስም፣ ቀንና የዕቃው መግለጫ ያለበት ሁለት ምስክር የፈረመበት ወረቀት ያዙ። ሻጩ ለመፈረም ካመነታ ቡናችሁን ጠጥታችሁ ተነሱ።

የእህቴ ልጅ ሁለት ወር ከፈለገ በኋላ አንድ የኮርያ ሜዳይ አገኘ። የዘማቹ ልጅ ናቸው የሸጡለት፤ የአባታቸውን ፎቶ ኮፒም ሰጡት። ካሊፐር ገዝቷል፣ ሐሙስ ገበያ ሲወጣ ከኪሱ አይለይም። የሽጉጧ ባለቤት ዛሬም ይደውልለታል። ዋጋ ቀንሻለሁ ይለዋል፤ ደግሞ አሁን የአያቱ አይደለችም፣ የአባ ጅፋር ሆናለች።