አሮጌውን አጥቢያችንን ያሰፋልን ኮንትራክተር
ምእመኑ በዝቶ ግማሹ ውጭ ቆሞ ነበር የሚያስቀድሰው። ያሰፋልን ኮንትራክተር ሥራውን ያውቃል። መጀመሪያ ከድሮው ግድግዳ ሥር አስቆፍሮ የመሠረቱን ጥልቀት አየ። አዲሱን ግንብ ከአሮጌው ጋር አላጣበቀውም፤ በመሃል ክፍተት ተወለት። አዲስ ግንባታ ትንሽ መስመጡ አይቀርም፤ ከተጣበቀ አሮጌውን ይሰነጥቀዋል።

በጣም ደስ ያለኝ የድንጋዩ ነገር ነው። የድሮውን ግድግዳ የድንጋይ መገጣጠሚያ በሲሚንቶ ድፈንልን ብንለው እምቢ አለ። ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ድንጋዩን ያበላሸዋል፣ ኖራ ግን ያስተነፍሰዋል። እውነቱን ነው፤ ድሮ በሲሚንቶ በተጠገነው ጥግ ላይ ያለው ድንጋይ በጣቴ ስነካው ዱቄት ሆኖ ይረግፍ ነበር። ኖራው ቶሎ ስለማይጠነክር ሥራው ዘገየ፣ ግን ያዋጣል።

ቅር ያለኝ ድምፁ ነው። አዲሱ ክፍል ያስተጋባል፤ ከኋላ ላለ ሰው ስብከቱ በደንብ አይሰማም። እሱን ብትቀጥሩ አይቆጫችሁም፤ የድምፁን ጉዳይ ግን ውሉ ውስጥ አስገቡት።