ለፍልሰታ ሱባኤ በደሴ የሚከራዩ ክፍሎች፦ የትኛው ለጸሎት ይሆናል?

ሐምሌ ሲጋመስ ደሴ ውስጥ ክፍል የሚጠይቀው ሰው ዓይነቱ ይለወጣል። ቴሌቪዥን አለው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሚፈለገው ጸጥታና የሚዘጋ በር ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ለሱባኤ የሚያዙት ክፍሎች በሦስት ይከፈላሉ፦ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥግ ያሉ የቆርቆሮ ጎጆዎች፣ በአጥቢያው ዙሪያ ያሉ ነዋሪዎች የሚያከራዩዋቸው ሰርቪስ ቤቶች፣ ወደ ጢጣና ወደ ኩታበር መውጫ ያሉ የገጠር ቤቶች። ለአብዛኛው ሰው የሚበጀው ሁለተኛው ነው። ጎጆው ከበዓሉ ቀን በፊት ይጣበብና ሦስትና አራት ሰው ይገባበታል፤ ጸጥታው ያኔ ያበቃል። የገጠሩ ቤት ደግሞ ጸጥታው ሞልቶ ተርፎ ቅዳሴው ይርቃል። ትልቁ ጥፋት እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ተከራይ ከሰው ካልራቀ እግዚአብሔርን የማያገኝ ይመስለዋልና በጣም የራቀውን ቤት ይመርጣል። ብቻ መሆን በራሱ እምነትን አያጠነክርም። ይዘነው የገባነውን ያጎላዋል፦ ጸሎት የለመደውን ወደ ጸሎት፣ ኀዘን የያዘውን ወደ ኀዘኑ፣ ቂም ያለበትን ወደ ቂሙ ይወስደዋል። አባ እንጦንስ በፈረሰ ምሽግ ውስጥ 20 ዓመት ያህል ብቻቸውን ቢቀመጡም፣ ከዚያ በፊት በሽማግሌ አባቶች እግር ሥር ተምረዋል። አባ ጳኩሚስም በባሕታዊው በአባ ጳላሞን ዘንድ ብሕትውናን ከተማሩ በኋላ የማኅበር ኑሮን ሥርዓት አቆሙ። እዚሁ አጠገባችን፣ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን የገነነው መምህርና ደቀ መዝሙር አብረው የሚኖሩበት ቤት ስለነበር ነው። ደሴ የምትኖሩ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ይህን አሳምራችሁ ታውቁታላችሁ፦ በረመዳን የመጨረሻ አሥር ቀናት ኢዕቲካፍ የሚገባ ሰው የሚቀመጠው ጀማዓ በሚሰገድበት መስጊድ ውስጥ ነው፤ በወሎ ኸልዋ፣ ማለት ለዚክር ተለይቶ ለብቻ መቀመጥ፣ የሚገባም በሸይኹ ፈቃድ ይገባል።

ስለዚህ ክፍል ስታዩ መጀመሪያ የሚለካው ከቤተ ክርስቲያኑ ያለው ርቀት ነው። በእግር ከ15 ደቂቃ በላይ የሚወስድ ከሆነ ይለፋችሁ። በፍልሰታ ቅዳሴ በየቀኑ አለ፤ በአዘቦት ቀን ከቀትር ጀምሮ ስለሚቀደስ ሄዶ መመለሱ ቀኑን ለሁለት ይከፍለዋል። የክፍሉ ዋጋ እዚህ ላይ ይታያል፦ ጠዋት ብቻችሁን፣ ከቀትር በኋላ ከምእመናን ጋር፣ ማታ እንደገና ብቻችሁን።

ቀጥሎ ጣሪያውን ቀና ብላችሁ እዩ። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ በነሐሴ ዝናብ ይደበድባል፤ በረዶ ሲጥል የራሳችሁን ንባብ አትሰሙም። ሌሊት ደግሞ ትንፋሻችሁ ቆርቆሮው ላይ ውሃ ይሆንና ንጋት ላይ በዳዊታችሁ ላይ ይንጠባጠባል። ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ መጀመሪያ ላስቲክ፣ ከዚያ ሰሌን፣ ከላይ ፍራሽ አንጥፉ። ፍራሽ ብቻውን በአራት ቀን ከሥር ይሻግታል።

በከሰል ጉዳይ ግን ድርድር የለም። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ሌሊት አጥንት ይገባል፤ ተከራይም ምድጃ ያስገባና በሩን ይዘጋል። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ ተኝቶ ያለውን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ጭስ የለውም ማለት ምንም የለውም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም የጋመው ፍም ነው የሚያታልለው። አከራዩ «መስኮቱን ትንሽ ክፈቱት» ቢላችሁ እንኳ አትቀበሉ። ሁለት ብርድ ልብስ፣ አንድ ጋቢና ካልሲ ይበቃል። ጧፍ የምታበሩ ከሆነም አሸዋ በሞላ ጣሳ ላይ ትከሉት፤ ከመተኛታችሁ በፊት ይጥፋ። ለንባብ በፀሐይ የሚሞላ ፋኖስ ይሻላል።

ውሃ ሁልጊዜ ከቧንቧ ስለማይገኝ 20 ሊትር የሚይዝ ጄሪካን ሁለት ያዙ። ለመጠጥና ለመታጠብ በቀን 6 ሊትር ብትቆጥሩ ሁለቱ ለስድስት ቀን ያህል ያደርሳሉ፤ አከራዩ በመካከሉ እንዲሞላላችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ስንቅ በጥሬ የምትይዙ ከሆነ ለአንድ ሰው 3 ኪሎ በሶና 2 ኪሎ ቆሎ ለ15 ቀን ያዘልቃል። በሶውን በጨው ጭብጦ አድርጎ መብላት ከበጠበጡት ይልቅ ሆድ ይይዛል። የደሴ ጭጋግ ቆሎን በሁለት ቀን ያለሰልሰዋል፣ በሶንም ያሻግተዋል፤ ክዳኑ የሚጠብቅ ጣሳ እንጂ ፌስታል አይሆንም። አሹቅ ግን በየቀኑ የሚበላውን ያህል ብቻ ይነከር፤ ካደረ ይመጥጣል።

ስለ ቡና የሚናገር ሰው እምብዛም አይገኝም። አቦል ቶና በረካ የለመደ የወሎ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ራስ ምታቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ በሁለተኛው ቀን ይጠነክራል፣ እስከ ሳምንት ድረስም ሊቆይ ይችላል። ብዙዎች ይህን የጠላት ፈተና ነው ብለው ሱባኤውን በሦስተኛው ቀን ይተዉታል። ፈተና አይደለም፤ የቡና ሱስ ነው። ሐምሌ 22 አካባቢ ወደ ሁለት ሲኒ፣ ሐምሌ 26 ወደ አንድ ውረዱ፤ ነሐሴ 1 ቀላል ይሆናል።

እውነተኛው ፈተና ከአራተኛው ቀን በኋላ ይመጣል። አባቶች ሀኬት ይሉታል፦ ቀትር ላይ ሰዓቱ የቆመ ይመስላል፣ ንባቡ ይሰለቻል፣ በሩ ይጠራል። በዝግ ክፍል ያለ ሰው ከዚህ መውጫ የለውም፤ ተኝቶ ይውላል፣ ሌሊት እንቅልፍ ያጣል፣ ከዚያ ያየውን ሕልም መፍታት ይጀምራል። መድኃኒቱ የተወሰነ ድርሻ ነው። ዳዊትን እንደ ልማዱ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፈሉት፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150። ውዳሴ ማርያምም የየቀኑ አለው። ድርሻው ካለቀ አቁሙ። ከድርሻው በላይ የሚጨምር ሰው በሰባተኛው ቀን ይደክማል፤ በጽናቱ መመካት የሚጀምረውም ያኔ ነው። ሕልም ካያችሁ ለንስሐ አባታችሁ ብቻ ንገሩ።

የንስሐ አባታችሁን ማማከራችሁን ሳይጠይቅ ክፍል የሚሰጣችሁ አከራይ ካለ፣ ሌላ ጠያቂ አከራይ ፈልጉ። በዚህ ሥራ የከረሙት እናቶች ሲያከራዩ «አባትሽ ያውቃሉ ወይ? መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ጥያቄ ከክፍሉ ስፋት ይበልጣል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጾሙን ከሐኪም ጋር ሳይነጋገር መግባት የለበትም። በቅርቡ በከባድ ኀዘን ወይም በጭንቀት ያለፈ ሰውም ለብቻ የሚቀመጥበት ጊዜ አይደለም፤ ለእንዲህ ያለው ከቤተሰቡ ጋር እየኖረ በየቀኑ ማስቀደስ ይበልጥበታል።

ስልኩን ለአከራይዋ መስጠት ጥሩ ልማድ ነው። ግን ቤተሰብ የሚደውልበት አንድ ሰዓት ይወሰን፣ ለምሳሌ ማታ 12 ሰዓት፤ እርሷም አይታ አስቸኳይ ነገር ካለ በር ታንኳኳ። የበር ቁልፍ ሁለት ይሁን፣ አንዱ እርሷ ዘንድ። በሩን ከውስጥ በመቀርቀሪያ የሚዘጋ ክፍል ከሆነ መቀርቀሪያው ከውጭ የሚነቀል መሆኑን ሳታዩ አትክፈሉ።

ክፍያውን በሁለት ክፈሉት፦ ግማሹ ነሐሴ 1፣ ግማሹ ነሐሴ 8። ሳምንት ላይ ደክሞት የሚወጣ ሰው ብዙ ነው፤ ሙሉውን ቀድማችሁ ከከፈላችሁ ብሩ ያሳዝናችሁና ሕመም እየተሰማችሁ ትቀመጣላችሁ። ነሐሴ 16 ሲፈታ ዶሮ ላይ አትቸኩሉ፤ ጠዋት አጥሚት፣ ከዚያ ትንሽ ፍትፍት፣ ሥጋው በማግስቱ።