የጣና ዳር ሁለት ጥቁር ድንጋዮች፦ ልጁና ሽማግሌው

ባሕር ዳር አካባቢ የምታነሱት ጥቁር ድንጋይ ብዙ ጊዜ ልጅ ባዛልት ነው፤ ባዛልት ማለት ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ (ላቫ) የጠነከረ ድንጋይ ነው። ጢስ ዓባይ የሚወረወረውም ከእንዲህ ዓይነቱ ላቫ ላይ ነው። ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ጋዙ ሲያመልጥ የተዋቸው ቀዳዳዎች ልክ እንደ እንጀራ ዓይን ናቸው። የደጋው ባዛልት ግን ሽማግሌ ነው፤ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ብዙ ቦታ ቀዳዳዎቹን ነጭ ማዕድን ደፍኗቸዋል።

ለጂኦኬሚስት፣ የድንጋይን ኬሚካላዊ ይዘት ለሚያጠና ሰው፣ የቱ ይሻላል? ልጁን መመርመር ይቀላል፤ ውኃና አየር ገና ብዙ አልነኩትም። በሽማግሌው ላይ ውኃ የሚያጥበውን ፖታሲየም ማመን ያስቸግራል፤ በቀላሉ የማይታጠቡትን ንጥረ ነገሮች፣ ታይታኒየምና ኒዮቢየምን፣ መያዝ ነው።

እኔ ግን ልቤ ከሽማግሌው ጋር ነው። ታይታኒየሙ ወደ ላሊበላ አቅጣጫ ስትሄዱ ይጨምራል። አንድ የሚመስለው ጥቁር ደጋ ከአንድ ዓይነት ቅልጥ አልመጣም ማለት ነው። በጣም ደስ ይላል!