የፍሬን መብራት እምቢ ላላችሁ ባለሞተሮች፦ አሮጌው መናኸሪያ አካባቢ ያለው ኤሌክትሪሽያን

ሀዋሳ አሮጌው መናኸሪያ አካባቢ፣ ከጎማ ጠጋኞቹ ተርታ፣ ስም ያልተለጠፈበት የቆርቆሮ ሱቅ አለ። የሞተርና የባጃጅ ኤሌክትሪክ ብቻ ነው የሚሠራው። ከአምስት አራት ሰጥቼዋለሁ፤ አንዷን ለምን እንደቀነስኩ እመጣበታለሁ።

የኔ ሞተር አመል ይሄ ነበር፦ ፍሬን ስይዝ የኋላ መብራቱ መድመቁ ቀርቶ ጭራሽ ይደበዝዛል፤ የቀኝ ፍሬቻ ደግሞ ሳልነካት ፈዘዝ ብላ ትበራለች። ማታ ከቱላ ስንመለስ ከኋላዬ የነበረ ጓደኛዬ ነው ያየልኝ። በዚያ መንገድ ባጃጅ ጭራህ ላይ ተለጥፎ እንደሚነዳ የሚያውቅ ያውቀዋል። መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ (ስሙ ይቅር) አምፖል ቀየረ፣ ለውጥ የለም። ከዚያ «የኋላው መብራት ከነሙሉ ዕቃው ይቀየር» ተባልኩ።

ይሄኛው ሰውዬ ግን ተናግሬ ሳልጨርስ «ፍሬን ስትይዝ ፍሬቻው አብሮ ይበራል?» አለኝ። አዎ ስለው፣ «ታዲያ አምፖሉ ምን በደለ? ማሳ አጥቶ ነው እንጂ!» ብሎ (ማሳ የሚሉት ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መስመር ነው) ከባትሪው ኔጌቲቭ አንድ ሽቦ ስቦ የአምፖሉ ማቀፊያ ላይ አስነካ። ፔዳሉን ረገጥኩ፤ ቦግ! ሽቦውን አነሳ፤ ድብዝዝ። በቃ፣ ምርመራው ይሄው ነው።

አምፖሉ ውስጥ ሁለት ክር አለ፦ 5 ዋቱ ለማታ፣ 21 ዋቱ ለፍሬን። መመለሻቸው ግን አንድ ማሳ ነው። እሱ ሲበላሽ ኤሌክትሪኩ በፍሬቻው አምፖል በኩል ዞሮ መውጫ ይፈልጋል። ወንበሩን ሲያነሳው የማሳው ሽቦ ከሻንሲው ጋር የታሰረበት ብሎን ዝጎ አረንጓዴ ዱቄት አውጥቷል። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈገው፣ አጠበቀው፣ ግራሶ ቀባው።

ሳልጠይቀው ደግሞ የኋላ ፍሬኑን ማብሪያ አየ። ሞላው ስለተለጠጠ ፍሬኑ ከያዘ በኋላ ነበር መብራቱ የሚመጣው። የማብሪያውን አካል በአንድ እጁ ይዞ ማስተካከያ ዳዶውን ብቻ አዞረ፤ አካሉ አብሮ ከዞረ ሽቦው ይጠመዘዛል አለኝ። ወሬ ይወዳል፣ ወሬው ግን ይጠቅማል፦ በእጅ ፍሬን በርቶ በእግር እምቢ ካለ የእግሩን ማብሪያ እይ፤ በሁለቱም እምቢ ብሎ የማታው ከበራ መጀመሪያ አምፖሉን አውጥተህ ክሩን እይ፤ ሳትነካው በርቶ ከቀረ ወይ የእግሩ ማብሪያ ከልክ በላይ ተወጥሯል፣ ወይ የእጁ አልተመለሰም።

ለሁሉም 300 ብር ከፈልኩ። ሙሉ ዕቃ ቀይር ከተባልኩበት ጋር ሲተያይ የማይረባ ብር ነው።

አሁን ወደ ቅናሹ። ተራ የሚባል ነገር አያውቅም፤ የኔ ሞተር ወንበሩ ተነስቶ ሳለ ደንበኛው የሆነ ባለባጃጅ መጣና ጥሎኝ ሄደ፣ ብዙ ቆሜ ጠበቅኩ። ደረሰኝም የለውም፤ የመሥሪያ ቤት ሞተር የምትነዱ ከፋይናንስ ጋር እንዳትጣሉ ቀድማችሁ አስቡበት። መለዋወጫም አያስቀምጥም። አምፖል ካስፈለጋችሁ ገዝታችሁ ሂዱ፤ ባለ 12 ቮልት፣ 21/5 ዋት በሉ፣ አሮጌውንም ይዛችሁ ከአዲሱ ጋር አስተያዩት። ባለ አንድ ክሩን ሰጥተዋቸው የተመለሱ አይቻለሁ።