በሌዘር የቀዘቀዘ ደመና ወይስ የቦዝ-አይንስታይን ኮንደንሴት?

ስበትን በሚወድቁ የሩቢዲየም አተሞች ለመለካት በሌዘር ከቀዘቀዘ የአተሞች ደመናና ከቦዝ-አይንስታይን ኮንደንሴት (አተሞች እጅግ ቀዝቅዘው እንደ አንድ ሞገድ ከሚሆኑበት ሁኔታ) የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው በዋናነት የኳንተም ተናባቢነት፣ ማለትም ኮሂረንስ (የአተሞቹ ሞገዶች እርምጃቸውን ጠብቀው አብረው መሄዳቸው) ነው።

ወጪና ቅለት፦ ደመናው በሌዘርና በማግኔት ወጥመድ ቶሎ ይዘጋጃል። ኮንደንሴቱ ግን ትኩሶቹን አተሞች እየለዩ ማስወጣትን ስለሚጠይቅ አብዛኛው አተም ይባክናል፤ የፊዚክስ ሊቃውንቱ ኮርኔልና ዊማን እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ቦልደር ከተማ የመጀመሪያውን ሲሠሩ በመጨረሻ የቀራቸው 2,000 ያህል ብቻ ነበር።

እንቅስቃሴ፦ ዋናው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። በ2 ማይክሮኬልቪን (ከፍጹም ዜሮ ሁለት ሚሊዮንኛ ዲግሪ ብቻ ከፍ ባለ) ደመና ውስጥ አተሞቹ በየአቅጣጫው በሴኮንድ 1.4 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚጓዙ ደመናው እየወደቀ ይበተናል፤ ሞገዳቸው የሚናበበውም ከአንድ ማይክሮሜትር ባነሰ ርቀት ውስጥ ነው። በኮንደንሴት ግን ሞገዱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሲሆን፣ የፊዚክስ ሊቁ የኬተርሌ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1997 ሁለት የሶዲየም ኮንደንሴቶችን አደራርቦ በ15 ማይክሮሜትር ገደማ ልዩነት የተደረደሩ የሞገድ መደራረብ መስመሮችን ያየው በዚሁ ምክንያት ነው። በእኔ እይታ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ የለም።

ስጋት፦ የኮንደንሴት አተሞች ተጠጋግተው ስለሚገፋፉ ልኬቱን ሊያዛቡ ይችላሉ።

ወደ መስክ ለሚወጣና ቶሎ ቶሎ ለሚለካ መሣሪያ ደመናው ይመረጣል፤ አተሞቹ ረጅም ጊዜ ሳይበተኑ እንዲንሳፈፉ ሲፈለግ ደግሞ፣ ናሳ እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በላከው ቤተ ሙከራ እንደሚደረገው፣ ኮንደንሴቱ ድካሙን ይክሳል።