ቀፊራ አካባቢ «የጀርም ምርመራ በነጻ» ከሚሏችሁ ሰዎች ተጠንቀቁ

የድሬ ሰዎች፣ በተለይ እናቶችና እህቶች፣ ይህን ሳታነቡ አትለፉ።

ባለፈው ቅዳሜ ከታናሽ እህቴ ጋር ከቀፊራ ገበያ ስንመለስ ነጭ ጋውን የለበሱ ሁለት ሰዎች ጠሩን። ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ላፕቶፕና ማይክሮስኮፕ አስቀምጠዋል። አንደኛው በስቴኪኒ የእህቴን ጥርስ ሥር ፋቅ አድርጎ መስታወት ላይ ቀባው። ስክሪኑ ላይ ዘንግ የመሰሉ፣ ክብ ክብ የሆኑ ነገሮች ወዲያ ወዲህ ይርመሰመሳሉ። እህቴ ደንግጣ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። «ውስጥሽ በሙሉ እንዲህ ነው፣ ካልጠራ ማህፀንሽንም ይጎዳል» አላት። 3,800 ብር ከፍለን ካፕሱል፣ የአፍ መጉመጥመጫና «የማህፀን ማጠቢያ» ገዛን።

በአምስተኛው ቀን ተቅማጥ ያዛት። ቀጥሎ ምላሷ ነጭ ለበሰ፣ ብልቷን ያሳክካት ጀመር። ጤና ጣቢያ ያየቻት ሐኪም ካፕሱሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ በደቃቅ ፊደል የታተመውን ስም አሳየችን። አንቲባዮቲክ ነው! ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግን «ንጹሕ ዕፅዋት» ይላል።

ወገኖቼ፣ ስክሪኑ ላይ ያየነው እውነት ነው፤ ውሸቱ ትርጉሙ ላይ ነው። የሚርመሰመሱት ባክቴሪያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ናቸው፤ የማንም ጤነኛ ሰው ጥርስ ቢፋቅ ያው ይታያል። ሆላንዳዊው የማይክሮስኮፕ ተመራማሪ ሊቨንሁክ እ.ኤ.አ. በ1683 ከራሱ ጥርስ ፍቆ ያየው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ግምት አንድ ጎልማሳ ወደ 38 ትሪሊዮን ባክቴሪያ ይሸከማል፤ አብዛኛው ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው፤ ሁሉም ተደምሮ 200 ግራም ገደማ ቢመዝን ነው። ሥራ አላቸው። አንጀት ውስጥ ያሉት ቫይታሚን ኬ ይሠራሉ። የሴት ብልት ውስጥ ያሉት ላክቶባሲለስ የሚባሉት፣ እርጎ የሚያረጉት ባክቴሪያዎች ዘመዶች፣ አሲድ እያመነጩ ሌላው እንዳይራባ ያደርጋሉ። ባጃጅ ሲሞላ ሌላ ተሳፋሪ እንደማይገባው ማለት ነው። አንቲባዮቲኩ እነሱን ሲጨርስ ቀድሞም በትንሹ የነበረው ካንዲዳ የሚባል ፈንገስ ቦታውን ወረሰ። እህቴን ያሳከካት እሱ ነው። ማጠቢያውም ቢሆን አያስፈልግም፤ ብልት ውስጡን ራሱ ያጸዳል።

በሽታ የሚያመጣ ጀርም የለም እያልኩ አይደለም። ታይፎይድም አሜባም አለ። ግን እነዚያ በላቦራቶሪ፣ በደምና በሰገራ ይመረመራሉ እንጂ ከጥርስ ፍቅፋቂ አይታወቁም።

ገንዘባችንን ልናስመልስ ስንሄድ «ሰውነቷ ቆሻሻውን እያስወጣ ነው፣ ሁለተኛውን ዙር ግዙ» አለን። «እስቲ የራስህን ጥርስ ፍቀህ አሳየን» ስለው ላፕቶፑን ዘጋ። ብሩም አልተመለሰም። እናንተም ጠረጴዛቸው ጋ ከደረሳችሁ ይህንኑ ጠይቁ።

ካፕሱሉን የጀመራችሁ ካላችሁ ጠርሙሱን ሳትጥሉ ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ተቅማጡ ከበረታ ወይም ደም ካለው ደግሞ ዛሬውኑ ታዩ፣ ነገ አትበሉ።