«ሲፕሮ ወስደዋል?» ብላ ለጠየቀችኝ ልጅ

ስሟን አልጽፍም። «ጋሼ፣ ፌስቡክ ላይ ስሜን እንዳያወጡት» ብላ አስምላኛለች። ጎንደር ያላችሁና ጅማት፣ ጉልበት ወይም ክርን የሚያስቸግራችሁ ግን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ያለችበትን እነግራችኋለሁ። ፊዚዮቴራፒስት ናት። ከፒያሳ ብዙም አትርቅም።

ነገሩ የጀመረው በጨዋታ ነው። የአጎቴ ልጅ ለጥምቀት ከሲያትል ሲመጣ አራት ራኬትና ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነች የፕላስቲክ ኳስ ይዞ መጣ። ፒክልቦል ይባላል። እሱ ከሚኖርበት ከተማ ማዶ፣ ቤይንብሪጅ በምትባል ደሴት በ1965 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ጨዋታ ነው። ሜዳው የባድሜንተን ሜዳ ያህላል። አንድ ግቢ ውስጥ 13.4 በ6.1 ሜትር ለክተን በኖራ አሰመርን፤ የመረብ ኳስ መረብ ዝቅ አድርገን ወጠርን። ከመረቡ ወዲህና ወዲያ፣ አጠገቡ ያለውን ቦታ ፈረንጆቹ «ወጥ ቤት» ይሉታል። እዚያ ቆሞ ኳሷን ከአየር ላይ መምታት ክልክል ነው። ወንድ ማጀት አይገባም እየተባልን ላደግን ሰዎች ይህ ሕግ አልከበደንም።

እኔ 52 ዓመቴ ነው፤ መምህር ነኝ። ሮጬ የማውቀው ታክሲ ሲያመልጠኝ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ኳሷ ከራሴ በላይ ስታልፍ ፊቴን ሳላዞር ወደ ኋላ ሮጥኩ። ከተረከዜ በላይ ያለው ጅማት ጠቅ አደረገኝ። በማግስቱ ከአልጋ ስወርድ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ሚስማር ላይ እንደመቆም ነበሩ። ቅዳሴ ላይ መቋሚያዬን ተደግፌ እንኳ አንድ እግሬን አንስቼ ነበር የምቆመው።

መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ሄድኩ። አሸኝ፣ ጎተተኝ፣ ባሰብኝ። ወጌሻን ማንቋሸሼ አይደለም፤ እናቴን ከወለምታ ያዳናት ወጌሻ ነው። የእኔ ግን ወለምታ አልነበረም።

ከዚያ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደወለ። «ፒአርፒ የሚባል መርፌ አለ፤ አዲስ ሕክምና ነው፤ የተጎዳውን መልሶ ያድሳል።» ከክንድህ ደም ይቀዳል፣ በማሽን ይሽከረከራል፣ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ሕዋስ) የበዛበት ክፍል ይለያል፣ ከዚያ የታመመው ቦታ ላይ ይወጋል። በራስህ ደም ራስህን ማከም ነው እንግዲህ። ደስ ይላል። ዋጋውን ስጠይቅ ግን የፋሲካ ቅርጫ ትዝ አለኝ፤ ያውም የአንድ መደብ ሳይሆን የሙሉ በሬው። ለመበደር ተዘጋጅቼ ነበር። ባለቤቴ ናት «መጀመሪያ እዚሁ ታይ» ያለችኝ።

ወደዚህች ልጅ ሄድኩ። እግሬን ከመንካቷ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ጠየቀችኝ። ጫማዬን አገላብጣ አየች። ከዚያ ድንገት፣ «ጋሼ፣ በቅርቡ ሲፕሮ ወስደዋል?» አለችኝ። ደነገጥኩ። ከጥምቀት በፊት ሆዴን ሲያመኝ ይህን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከፋርማሲ ገዝቼ ውጬ ነበር፤ እኛ አገር ሲፕሮ ያልዋጠ ማን አለ! ሲፕሮና ዘመዶቹ ጅማትን ሊያሳምሙ፣ አልፎ አልፎም ሊበጥሱ እንደሚችሉ የሰማሁት ያን ቀን ነው። አደጋው ዕድሜው ከ60 ላለፈና ኮርቲዞን ለሚወስድ ሰው ይብሳል። «የእርስዎን ያመጣው እሱ ነው ማለት አልችልም» አለችኝ። «ግን ሁለተኛ ሐኪም ሳያዝልዎ እንዳይውጡ።»

ከዚያ በሆዴ አስተኝታ ባቴን ጨመቅ አደረገችው። እግሬ ወደ ታች ዘንበል አለ። «ተመስገን፣ አልተበጠሰም» አለች።

ስለ መርፌው ስጠይቃት ሌላውን ሐኪም አላማችም። ስልኳን አውጥታ በ2021 እ.ኤ.አ. ብሪታንያ ውስጥ የተሠራ ጥናት አሳየችኝ። እንደኔ ዓይነት ሕመም የቆየባቸው 240 ሰዎች ነበሩ፤ ገሚሱ ፒአርፒ፣ ገሚሱ ለማስመሰል ያህል ብቻ ተወጉ። ከስድስት ወር በኋላ ልዩነት አልተገኘም። «ለክርንና ለጉልበት ክርክሩ ገና አላለቀም። ለዚህ ጅማት ግን ገንዘብዎን ይያዙ» አለችኝ። በሬዬ ተረፈ።

ያዘዘችልኝ ደረጃ ነው። አዎ፣ ደረጃ። የእግርን ፊት ደረጃው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ በደህናው እግር ከፍ ብሎ፣ በታመመው ቀስ እያሉ ተረከዝን ወደ ታች መልቀቅ። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ይህ ጉልበት ቀጥ ብሎ ነው፤ አጠፍ ብሎ ደግሞ ሌላ ሦስት ዙር። ጠዋትና ማታ። በቀን 180 ይሆናል፤ ለ12 ሳምንት። ዘዴውን በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሆካን አልፍሬድሰን የሚባል ስዊድናዊ ሐኪም ነው። እሱ ራሱ ተረከዙን ታሞ አለቃው ኦፕራሲዮን ቢከለክለው፣ «እንግዲያው ይባስና ኦፕራሲዮኑ ግድ ይሁንባቸው» ብሎ ጅማቱን ማሠቃየት ጀመረና ዳነ ይባላል። ይህን ታሪክ የነገረችኝ በሦስተኛው ሳምንት «ተውኩት፣ አሰልችቶኛል» ስላት ነው።

ግቢያችን የድንጋይ ደረጃ አለ። ግድግዳ ይዤ ስወርድና ስወጣ ጎረቤት መጀመሪያ ስግደት መስሎት ነበር፤ ጊዜውም ጾም ነው። ሲቀልለኝ ሸክም ጨምር ተባልኩ። በልጄ የትምህርት ቤት ቦርሳ 5 ኪሎ ጤፍ ከትቼ አዘልኩ። ባለቤቴ ቡኮ ልታቦካ ጤፉን ስትፈልግ ጀርባዬ ላይ አገኘችው።

በስምንተኛው ሳምንት ጠዋት ጠዋት ማነከስ አቆምኩ። በደስታ አንድ ቀን ሾልኬ ተጫወትኩና ማታውኑ አበጠ። እንዴት እንደተቆጣችኝ አልነግራችሁም። በዕድሜ እኮ ልጄ ናት!

አሁን ግንቦት ነው፤ እየተጫወትኩ ነው። ያስገረመኝ የተከፈላት ለእኔ ብቻ ሆኖ ሜዳችን ድረስ መምጣቷ ነው። አሥር ደቂቃ ሰውነታችንን ሳናሟሙቅ ራኬት እንዳንነካ አለች። የሩጫ ጫማ ወደ ጎን ስትዞር ቁርጭምጭሚት ስለማይዝ፣ ጎኑ ጠንከር ያለ አድርጉ አለች። ኳስ ከራስ በላይ ሲያልፍ ወደ ኋላ መሮጥ የለም፤ ዞሮ ነው የሚሮጠው። ክርኑን የሚያመውን ባንክ ቤት የሚሠራ ጓደኛችንን ራኬቱን አስይዛ አየችው። «ሌባ እንደያዘ ሰው ምን ያስጨንቅዎታል? ላላ ያድርጉት» ስትለው ሁላችንም ሳቅን።

ጉድለት አውጣ ካላችሁኝ ወረፋው ረጅም ነው፤ የመጠበቂያው አግዳሚም ወገብ ይሰብራል። ጠዋት በጊዜ ሂዱ። የወሰዳችሁትን መድኃኒት ሁሉ ጽፋችሁ ያዙ፣ የምትጫወቱበትን ጫማም እንዳትረሱ። እኔ በመጀመሪያው ቀን የክት ጫማዬን አድርጌ ሄጄ «ይሄ ለሰርግ ነው፣ ሌላውን ያምጡልኝ» ብላ ቤቴ መልሳኛለች።